በእህቴ ስም የተነሳሁት ፎቶ

የሳሎኔን ግድግዳ ለምን ቢጫ እንዳስቀባሁት የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ መልስ አልነበረኝም። ቀለም ቀቢው ነጭ ወይም ክሬም ይሻላል እያለ ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከረኝ። «እትዬ፣ ቢጫ እኮ የሱቅ ቀለም ነው» እስከማለት ደርሶ ነበር። እምቢ አልኩት። ከሃያ ዓመት በላይ በኪራይ ቤት ስኖር አንዲት ምስማር ለመምታት እንኳ የአከራይ ፊት ሳይ ኖሬ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የራሴን በር ስከፍት ቀለም የሚመርጥልኝ ሰው አልፈለግኩም።

ቤቱን በአዲስ ዕቃ መሙላትም አልወደድኩም። አዲስ ዕቃ ከእኔ ጋር የሚያወራው ነገር የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን እየዞርኩ፣ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ነው የተባለ ባለ ክንድ ወንበር ገዛሁ፤ እውነት ይሁን ውሸት ሻጩ ያውቃል። የማይናገር ራዲዮ ገዛሁ። ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ። ካደግኩበት ከተማ ከትክል ድንጋይ ገበያ ያገኘሁትን የእንጨት ሳንዱቅ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አመጣሁና ራሴ በአሸዋ ወረቀት ፍቄ ውኃ ሰማያዊ ቀባሁት። ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጥታ ዙሪያውን አየችና «ሰው የሞተበትን ቤት ዕቃ ሁሉ ሰብስበሻል፤ አንድ ቀን ባለቤቶቹ ይመጡብሻል» አለችኝ። ሳቅን።

ግድግዳው ላይ የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጅነት ፎቶዬ። በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ የልጅነት ፎቶ አንድ ነው፤ እሱም የእኔ አይባልም። ትክል ድንጋይ እናቴ ቤት ተሰቅሎ የኖረ ሲሆን ስሙ «የውዴ ፎቶ» ነው። ውዴ ታላቅ እህቴ ናት፤ በዘጠኝ ዓመቷ ሞታለች። ፎቶው ላይ ያለሁት ግን እኔ ነኝ። ስጪኝ ብዬ እናቴን ሁለት ጊዜ ለምኛት ሁለቱንም ጊዜ «የሷን ፎቶ ምን ልታደርጊው?» ብላ ከልክላኛለች። ነገሩ ያንገበግበኝ ነበር። ሰው ከራሱ ፊት ይከለከላል?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ዓይኗን ልትታከም ጎንደር መጣች። ሞራው ሁለቱንም ዓይኗን ሸፍኖት ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር። ክንዴን ይዛ ሦስቱን ፎቅ እያረፈች ወጣችና ሳሎን ስትገባ ቀጥ ብላ ቆመች። መልክ አይታያትም፤ ቀለም ግን ይታያታል።

«ምነው ልጄ፣ የውዴን ቀሚስ ግድግዳ ላይ ዘረጋሽው?» አለችኝ።

ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው ፎቶው ላይ ያለውን ቀሚስ ነው። «የውዴ ቀሚስ አረንጓዴ አይደለም እንዴ እማየ?» አልኳት።

«ቢጫ ነበር። አረንጓዴ ያደረገው ፎቶ አንሽው ነው» አለች፤ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ወንበሩን በእጇ እየዳሰሰች ተቀመጠች። እኔ ውኃ ላመጣላት ነው ብዬ ኩሽና ገባሁ። ከአርባ ዓመት በላይ ቀለሙን የረሳሁት ቀን ተመልሶ መጣብኝ።

ልጅ እያለሁ ትክል ድንጋይ ፎቶ ያለበት ቤት የሚቆጠር ነበር። እኛ ቤት አልነበረም። እኔና ውዴ የሦስት ዓመት ልዩነት ነበረን፤ እሷ ስትሮጥ እሮጣለሁ፣ እሷ የጠላችውን እጠላለሁ። አንድ ዓመት እናቴ ለሁለታችንም የጥምቀት ቀሚስ አሰፋችልን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ኩፍኝ ገባና ውዴን በአምስት ቀን ወሰዳት። ቀሚሷን አንድ ቀን እንኳ አልለበሰችውም። እናቴ አጣጥፋ ከአሪቲ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተተችው። በዚያ ዓመት ታቦት ሊሸኝ የወጣ የእኛ ቤት ሰው አልነበረም።

ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ ብርቄ ልጃቸው ጦር ሜዳ ቀርቶባቸዋል። የልጃቸው ጉርድ ፎቶ ነበራቸው። ሲያለቅሱ እሱን ደረታቸው ላይ ያደርጉና ደግሞ ራቅ አድርገው ያዩታል፤ ያወሩታል፤ ይቆጡታልም። እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ይህንን ስታይ ውላ ትመጣና ሳጥኑን ትከፍታለች። «እሷስ ታድላ፣ የምታየው ፊት አላት። እኔ ጨርቅ ነው የታቀፍሁ» ትል ነበር። ይህን ስትል እኔ እዚያው አጠገቧ ነኝ። ከእኔ ጋር እያወራች ይሁን ከሳጥኑ ጋር አላውቅም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አንድ ቀን ጠዋት ጠራችኝ። ሰባት ዓመቴ ነው። ጸጉሬን ውዴ ትሠራው እንደነበረው በአራት ሹሩባ ጎነጎነችኝ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ ቢጫውን ቀሚስ አለበሰችኝ። ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ያዘችው። አሪቲው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። የሰው ልብስ መልበሴ አልገባኝም፤ ዞሮ ዞሮ የታላቅ ልብስ ለታናሽ ነው። የጭነት ማኪና ላይ ተሳፍረን ጎንደር ገባን። ፒያሳ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እናቴ ተንበረከከችና ከመቀነቷ ኩል አወጣች። ዓይኔን ልትኩለኝ መስሎኝ ጨፈንኩ። እሷ ግን አገጬ ላይ አንዲት ነጥብ አደረገች። ቀዘቀዘኝ። ውዴ አገጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ ነበረቻት።

ፎቶ ቤቱ የሚኮመጥጥ የመድኃኒት ሽታ ይሸታል። ከኋላዬ የፋሲል ግንብ የተሳለበት መጋረጃ ነበር፤ እውነተኛው ግንብ ከዚያ በር ወጥቶ በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ። ፎቶ አንሺው ኮት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ረዘም እንድል ሳጥን ላይ አቆመኝና «ስምሽ ማነው?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ውዴ ናት» አለች እናቴ።

ሰውዬው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ «ውዴ፣ ወደዚህ እዪ» ሲለኝ ወደ እሱ አየሁ። ምን ላድርግ? ያን ጊዜ በልጅ አእምሮዬ ያሰላሁትን ዛሬም አልረሳሁትም። ውዴ ሞታለች። አሁን እኔ ውዴ ነኝ። እንግዲህ ጨርቁ ሲገለጥ የምሞተው እኔ ነኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ፎቶው ላይ ትክ ብዬ የማየው ለዚህ ነው፤ ሰው «ምን ያለች ረጋ ያለች ልጅ» ይላል። ወደ ቤት ስንመለስ ማኪናው ላይ መዳፌን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ትንፋሼ መኖሩን ስፈትሽ መጣሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ልጇን ያገኘች መስሏት እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅምና።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው የወጣው። ሰውዬው በብሩሽ ቀለም ቀባው፤ ጉንጬን አቀላው፣ ቀሚሱን ቢጫ ቀለም አልቆበት አረንጓዴ አደረገው። እናቴ ስትረከበው ቅር አላት። «ምን ይደረግ፣ ቁም ነገሩ ፊቷ ነው» ብላ ተቀበለችው።

ሙት ዓመቱ ዕለት ፎቶው ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ ከበውት አለቀሱ። ስሟን እየጠሩ፣ ዓይኗን፣ አገጯን እያነሱ አለቀሱ። እኔ እንግዳ ላስታጥብ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዤ ገባሁ። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ አንዲት አሮጊት ፎቶውን ሲያዩ ቆይተው ቀና ሲሉ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። «በስመ አብ» ብለው አማተቡና ወደኋላ አሉ። እናቴ መጥታ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለችኝ። «አንች ለጊዜው ውጭ ሁኚ፤ ሰው ታስደነግጫለሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። ጓሮ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በእኔ ፊት ላይ ሲያለቅሱ እየሰማሁ ዋልኩ። በሕይወቴ እያለሁ የተለቀሰልኝ ሰው ነኝ እያልኩ አንዳንዴ እቀልዳለሁ። ቀልድ ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ከራሴ ጋር ኖርኩ። ስበላ ታየኛለች፣ ሳጠና ታየኛለች። እናቴ ጠዋት ጠዋት በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠርጋ «እንዴት አደርሽ?» የምትለው እሷን ነው፤ ለእኔ «ተነሽ፣ ረፈደ» ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ተራዬ ደረሰ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ሞቴን ጠበቅኩ። አሥር ስገባ ደስ አላለኝም። ከእሷ አልፌ መሄዴ ድፍረት መሰለኝ።

እናቴ ፎቶውን አንድ ቀን ትታው አድራ አታውቅም፤ ጎንደር ስትመጣም በነጠላ ጠቅልላ ይዛው ነበር የመጣችው። ሐኪሞቹ ሞራውን ገፈፉላት። በማግስቱ ፋሻው ተነስቶ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አደረገችው። አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ መልሳ ፎቶውን አየች። ጎንበስ ቀና ስትል ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፈነች። አሟት ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ዓይኔን ብጨፍን የምትመጣው አንች ነሽ» አለች። «ሞራው ነው የጋረደብኝ ብየ ስታገሥ ነበር። ሲገፈፍ መልኳ ይመጣል ብየ። ዓይኔ ይኸው ሸጋ ሆነ። እሷ ግን የለችም።»

እኔ ያን ፎቶ ስፈልግ የኖርኩት ፊቴን ላስመልስ ነበር። እናቴ ለካ በየቀኑ የእኔን ፊት እየጠረገች የልጇን ፊት አጥፍታዋለች። አፈርኩ። ሰባት ዓመቴ እንደነበረ፣ የለበስኩት ያለበሱኝን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሌባ የሆንኩ መሰለኝ።

«አንችስ ታስታውሻታለሽ?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ዓይኗ ትልልቅ ነበር፣ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉድ ነበር ብላት አምና ትቀበለኝ ነበር። እኔም ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ራሴን ነው።

«መልኳን አላስታውስም እማየ» አልኳት። «ወንዝ ስንሻገር ግን እጄን አትይዝም ነበር። የምትይዘኝ አንጓዬን ነው። አጥብቃ። ያመኝ ነበር።»

እናቴ ዓይኗን አልገለጠችም። እጇን ዘርግታ አንጓዬን ፈልጋ ያዘች።

«እንዲህ?»

«ከዚህም ይጠብቅ ነበር።»

አጠበቀችው። እንደዚያ ሆነን ቆየን፤ ማናችንም አላለቀስንም።

ወደ ትክል ድንጋይ ስትመለስ ፎቶውን ትታልኝ ሄደች። «አንች ዘንድ ትሁን። እኔ ዘንድ ፎቶ ሆና ቀረችብኝ» አለች። ቢጫው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ያኔ አንድ ፎቶ ለማግኘት ሰው ልጁን ሌላ ልጅ ያደርግ ነበር። አሁን ስልኬ ውስጥ ስንት መቶ የራሴ ፊት እንዳለ አላውቅም፤ ከፍቼ የማየው የለኝም። ለምኜ ያገኘሁት ፎቶም የጠበቅኩትን አልሆነልኝም። የእኔ ነው ብዬ የሰቀልኩት ዕለት እንኳ ዓይኔን ከእሱ አሽሽቻለሁ። እኔ ሃምሳ ልገባ ነው፤ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ቆማለች፤ አሁንም ታላቄ ናት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ፊት ለፊቷ ቆም እላለሁ። ፊቱ የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ። እሷን ሳላስፈቅድ ግን በሩን ዘግቼ አልወጣም።