የአጎቴ ሳል

ላሊበላ ላይ ማስጎብኘትን ያስተማሩኝ አጎቴ ካረፉ ወር ሆናቸው። እኔን የጎደለኝ ሳላቸው ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱን ለፈረንጅ ሳስረዳ፣ «ይኼኛው ከዚያ ይረዝማል» ለማለት «ቶለር ዛን» ካልሁ ዝም ይሉኝ ነበር። «ከሁሉ የሚያምረው ይኼ ነው» ለማለት «ዘ ሞስት ቢዩቲፉል» ካልሁ ግን ከኋላዬ ይስሉ ነበር።

«ምነው አጎቴ፣ እንግሊዝኛው እኮ ልክ ነው» ብላቸው፣ «እንግሊዝኛውስ ልክ ነው። በቁመትም በስፋትም አወዳድር፤ አንዱን ከሁሉ ስታስበልጥ ግን የሌላውን ደጅ አቃለልህ። ታቦት አይበላለጥም» አሉኝ።

ትናንት አንዲት እንግዳ ቸኩላ፣ «ከሁሉ የሚያምረውን ብቻ አሳየኝ» አለችኝ። «ዘ ሞስት ቢዩቲፉል!» እያልሁ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አጣደፍኋት። ለካ በቤተ ማርያም በኩል ስናልፍ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ሊያሳልሙን ተነሥተዋል። ያችን ቃል ካስጎብኚ አፍ ሲሰሟት ኖረዋልና ትርጉሟ አይጠፋቸውም።

«እሺ ልጄ፣ ሂዱ» ብለው መልሰው ተቀመጡ።

አንገቴን ደፍቼ ሳሉን ጠበቅሁ። ከኋላዬ ማንም አልሳለም።