የጥርስ ቀጠሮዬን የበላው ቼዝ

ዛሬ በአንድ የቼዝ ጨዋታ ንግሥቴንም፣ ስንት ወር የጠበቅኩትን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮም ተበላሁ።

ጉንጬን ይዤ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ካፌ በኩል ሳልፍ ፖላንዳዊው ጎረቤቴ ጠሩኝ። ሽማግሌ ስለሆኑ ጋሼ ማሬክ ነው የምላቸው። እሳቸውም ለምደውታል።

«ና፣ አንድ ጌም!»

«ጥርስ ሐኪም ጋ እየሄድኩ ነው፣ ጋሼ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም።

«ድሮ አንድ ያገሬ ሰው ነበር» አሉ ወንበር እየሳቡልኝ። «ሥራው ንግድ፣ ፍቅሩ ቼዝ። ጥርሱን ሊታከም ጀርመን ሲሄድ ከተማው ውስጥ የቼዝ ውድድር አገኘ። ገባና ያን ሁሉ ጎበዝ አሸንፎ አንደኛ ወጣ!»

«ጥርሱስ?»

«ስለ ጥርሱ የጻፈ የለም።»

እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምቶ የሚያልፍ ማን ነው? ገና ሰዓት አለኝ ብዬ ተቀመጥኩ። እሳቸው አንድ ጠጠር ለማንቀሳቀስ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቀጠሮዬ አለፈ።

«ማት!» ብለው ጨዋታውን እንዳሸነፉኝ ስልካቸው ጮኸ።

የኔው ክሊኒክ ነው! ለካ እሳቸውም ዌይቲንግ ሊስት ላይ ሆነው የሚቀር ሰው ቦታ ይጠብቁ ነበር። አንድ ታካሚ ስለቀረ አሁኑኑ መምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቋቸው።

ኮታቸውን አንስተው በረሩ።

አሁን በሬን አንኳኩ። «ጎበዝ ሐኪም ናት» አሉኝ። «አንተም ቶሎ ብትታይ ይሻልሃል፣ ጉንጭህ አብጧል።»

እስቲ እንደኔ በወሬ ተይዛችሁ ወረፋችሁን ያስረከባችሁ ጻፉልኝ። ያቃተኝ ማኘክ ነው እንጂ ማንበብ አይደለም።