ኮች አባይነሽና የብሩክታይት እግር

ሶዶ ውስጥ አባይነሽ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቃት ጥቂት ነው፤ ኮች ካላችሁ ግን ባጃጅ ነጂው ሁሉ ደጃፏ ያደርሳችኋል። በወጣትነቷ የመሐል ተከላካይ ነበረች። ያኔ ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ ኳስ ስትለጋ ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። እሷ እንዲህ ላለው ሰው ደንታም አልነበራት። አንድ ጊዜ ቦምቤ ከተማ ላይ ስትጫወት ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ወደ በዴሳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚኖሩት ወጌሻ፣ አቶ ጩማ፣ አሽተው በቀርከሃ ጠፍረው አሰሯት። ጥርሷን ነክሳ ቻለችውና ብዙም ሳይቆይ ሜዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ በአጥንት ጉዳይ ሐኪም የሚል ሰው ሲያጋጥማት ትስቅበታለች።

መጫወት ስታቆም የሠፈሯን ሴት ልጆች ሰብስባ ቡድን አቋቋመች። ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው፤ ምስጋናውም ያሸነፉ ቀን ብቻ ነው። ቁጣዋን አያድርስ! ወድቃ የምታለቅስ ልጅ ካየች «ተነሺ! ኳስ አመመሽ ወይ ብሎ አይጠይቅሽም» ትላለች። ልጆቹም ሕመማቸውን መዋጥ ለመዱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እዚያ ሜዳ ላይ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ከሁሉም አብልጣ የምትወዳት አጥቂዋን ብሩክታይትን ነበር። እናቷ ጣፈጠች ገበያ ላይ ስኳር ድንች ትሸጣለች፤ ከወላይትኛ ሌላ ቋንቋ አትሰማም። አንድ ቀን ከሐዋሳ ክለብ «ልጅቷን ለሙከራ ላኪልን» የሚል ጥሪ መጣ። ከልጅቷ ይልቅ የጨፈረችው አባይነሽ ናት። ለእሷ ያልደረሰ ዕድል ነበርና።

ለሙከራው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው በዴሳ ላይ ጨዋታ ነበራቸው። ብሩክታይት ኳስ ይዛ ስትገባ ሁለት ተከላካዮች ላይዋ ወደቁባትና ቅልጥሟ ቀው ብሎ ተሰበረ።

«ኧረ ሆስፒታል እንውሰዳት» አለች ረዳቷ መሲ።

«ሆስፒታልማ ጀሶ ያለብሷትና ስንት ወር ያስተኟታል። ሐዋሳ ይጠብቃታል እንዴ? ወደ አቶ ጩማ!»

አቶ ጩማ አርጅተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አባይነሽ ይህን አይታለች። ቢሆንም «ጠበቅ ያድርጉት፣ ቶሎ እንዲይዝላት» ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። ገመዱ ሥጋ ውስጥ እስኪሰጥም ተጠፈረ።

በማግስቱ ልጅቷ «ኮች፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም» አለቻት። «ቻይው፣ አጥንቱ እየያዘልሽ ነው» አለቻት አባይነሽ። እግሩ ሲያብጥ እናትየው ልትፈታው እጇን ሰደደች። «እንዳትነኪው! የእኔም እንዲሁ ነበር» ብላ አባይነሽ ከለከለቻት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እግር ግን አይለቀምም። ጣቶቿ ጠቁረው ቤቱን መጥፎ ጠረን ሲሞላው ነው ተሸክመው ሆስፒታል የሮጡት።

ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ አማርኛ እንጂ ወላይትኛ አይችልም። ስለዚህ ለጣፈጠች የምታስተረጉመው አባይነሽ ሆነች።

«እግሩ ሞቷል። ከጉልበቷ በታች ካልተቆረጠ ልጅቷን እናጣታለን። እናትየው ይስማሙ» አለ።

አባይነሽ ተረጎመችው። ጣፈጠች አልጮኸችም። እጇን ይዛ «አንቺስ ምን ትያለሽ? ስለ እግር የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብላ ጠየቀቻት።

«ይቆረጥ» አለች አባይነሽ። እናት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«አንድ ነገር ደግሞ ንገሪያቸው» አለ ሐኪሙ። «ጣቶቿ ሲደነዝዙ ወዲያው ፈታችሁ ብታመጧት ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር። ሌላ ልጅ እንዳይደርስበት ይወቁት።»

አባይነሽ ወደ ጣፈጠች ዞረች። አፏን ከፈተችና በወላይትኛ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ በርቺ ይልሻል» አለቻት።

«ነገርሻቸው?» አለ ሐኪሙ።

«ነገርኳቸው።»

ጣፈጠች እጇን ስማ «አንቺ ባትኖሪ ልጄን ቀብሬያት ነበር» እያለች መረቀቻት። አባይነሽ ያን ጊዜ ቀና አለች። ብሩክታይት አልጋው ላይ ሆና ታያታለች። ሶዶ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛውንም ወላይትኛውንም አሳምራ ትሰማለች። አሁን ትናገራለች ብላ አባይነሽ በፍርሃት ጠበቀቻት። ልጅቷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባይነሽ ዛሬም እሑድ እሑድ እነሱ ቤት ትሄዳለች። መቅረት ትፈልጋለች፤ ግን አትችልም። ጣፈጠች ለጸሎት ትነሣና «ልጄን ያተረፈችልኝን ይህችን ሴት ባርክልኝ» ትላለች።

ብሩክታይትም ክራንቿን ተደግፋ፣ አባይነሽን ትክ ብላ እያየች፣ «አሜን» ትላለች።