ከመቀሌ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ተኩል

በ1939 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ ባለው በቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ በሚዛን ሠራተኛነት ስቀጠር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የማውቀው ቁጥርና ስሜን መጻፍ ብቻ ነው። የጣቢያው ሹም የመጀመሪያው ቀን ሚዛኑ አጠገብ አቁመው አስረዱኝ።

«አዲስ አበባ በአየር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለዚያ ርቀት የሚበቃው ቤንዚን ይከብዳል። ከእሱ የተረፈው ቦታ ለሰውና ለዕቃ ነው። እዚህ ደጋ ላይ ጭነት ከበዛ አውሮፕላኑ አይነሳም። ገባህ?»

«ገባኝ ጌታዬ።»

ደንቡ ቀላል ነበር። መንገደኛውን ከነጓዙ እመዝናለሁ፤ ኪሎውን ሁሉ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት «ኧረ ቀስ በል፣ ባሌም አያውቀው!» ብላኛለች። ጠራሁት። እኔ እንዲህ ነኝ።

በሦስተኛው ዓመት የእኅቴ የለታይ ሆድ አበጠ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ በቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትድንም አለ። በጭነት መኪና ዐምስት ቀን ነው። በአውሮፕላን ቦታ ያዝኩላት።

ጠዋት ሚዛኑ ላይ ወጣች። «አርባ አንድ!» ብዬ ጠራሁ።

«ኣታ ሓወይ፣ አንተ ወንድሜ፣ የእኛ ፍየል እንኳ ከዚህ ትከብዳለች» ብላ ሳቀች።

ቀጥሎ አንድ ባላምባራስ ሳይታሰቡ መጡ፤ ሁለት የብረት ሣጥን አስከትለዋል። ሹሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የእሳቸውን አትጥራ፤ ለጸሐፊው ብቻ አሳየው» አሉኝ። ሣጥኖቹ ብቻቸውን ስድሳ ሦስት ኪሎ መዘኑ። ለማንም የማልበገር ሰው፣ ያን ቀን ለእንጀራዬ ፈራሁና ዝም አልኩ።

«ጭነት በዝቷል» አሉ ሹሙ። «ልጅቷ በሚመጣው ሳምንት ትሂድ።»

«ጌታዬ፣ ሳምንት አትቆይም።»

«ታዲያ ቤንዚኑን ላፍስስልህ? ወይስ መንገዱን አንተ ታሳጥረዋለህ?»

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሁለት ቄሶች ነበሩ። የሣጥኑን ኪሎ ቢሰሙ ዝም አይሉም ነበር። ግን ማን አሰማቸው?

በዚያው ቀን ለታይን ጭነት መኪና ላይ አስተኝቼ ከአክስታችን ጋር ላክኋት። መኪናው ሳይንቀሳቀስ አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ኮረም ላይ ሞተች፤ እዚያው ቀበሯት።

አክስቴ ተመልሳ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ሁለት ሰዓት ተኩል ነው አላልክም ነበር?» አለችኝ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የማንም ይሁን የማን፣ ኪሎውን ጮክ ብላችሁ ጥሩ።

አክስቴ መቃብሩ ላይ ድንጋይ አልተከመረም ብላኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። ጨው በጫነ መኪና ላይ ወጥቼ ወደ ኮረም ሄድኩ።