የሌአርኮ ቸርኬዎችና የኖርማ የዱባ ፍሬ

ጣሊያን አገር፣ ሞዴና ውስጥ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው አፉ ሚስቱን ያጽናናል፣ ዐይኑ ጋራዡን ይጎበኛል። ሌአርኮ የሞተ ዕለት ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ሚስቱን አርጂያን ጥግ ይዘው፣ እጇን ጨብጠው፣ «አይዞሽ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ እነዚያ ቸርኬዎች…» ብለዋታል።

እነዚያ ቸርኬዎች አምስት ናቸው። በሽቦ የተወጠሩ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ቸርኬዎች፤ አራቱ መንገድ ያዩ፣ አምስተኛው ስኮርታ ሆኖ መሬት ነክቶ የማያውቅ፣ ሁሉም ከነዱሮ ጎማቸው። ሌአርኮ በወጣትነቱ የሠራበት የእሽቅድምድም ጋራዥ ሲዘጋ በደመወዙ ፈንታ እንደሰጡት ዕድሜውን ሙሉ በየቡና ቤቱ ሲያወራ ኖረ። የሚያምነው ግን አልነበረም። «ሌአርኮ፣ ሹፌሩንስ አልመረቁልህም?» ይሉታል። የአርጂያ እኅት ባል ደግሞ በገና ማዕድ ላይ፣ የቶርቴሊኒው ሾርባ እየጨሰ፣ ፊት ለፊት «ውሸታም!» አለው። አርጂያ ሳህኗን ገፍታ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ እኅትማማቾቹ በአንድ በር አልገቡም።

ስለዚህ አርጂያ ቸርኬዎቹን ወደ ኅዳሩ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያወጣቻቸው ለመሸጥ ብቻ አልነበረም። ኤርሜቴን ይዛ እንዲህ አለችው፦

«ገንዘቡ ገንዘብ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሰውዬው ዋሽቶኝ ኖሮ እንደሆነ ነው። ከእናቴ ልጅ የተጣላሁት በከንቱ ከሆነ ንገረኝ።»

ኤርሜቴ ማለት በዚያ አገር የቸርኬ ዳኛ ነው። ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አይቶ፣ የጎማውን ጥርስ ዳብሶ፣ የሽቦውን ራስ ገልብጦ ካየ በኋላ ከደረት ኪሱ ትንሽ የነሐስ መዶሻ ያወጣል። ያኔ ገበያው ጸጥ ይላል። ቁጥር ዛሬ ማንም ይመታዋል፤ ድምፅ ግን አይቀዳም። የጥንቱ ቸርኬ ሽቦው ሲነካ እንደ ሩቅ ደወል ይዘፍናል፤ የዘንድሮው እንደ ድስት ክዳን ይንቋቋል። ሌላም ምልክት አለ፦ ሽቦውን የወጠረው ሠራተኛ ከመነዳሪው በሚተኛበት ቦታ፣ ከጎማው ሥር፣ የራሱን ማኅተም ይመታ ነበር። ይሁን እንጂ ያንን ለማየት የዱሮውን ጎማ መቅደድ ግድ ነው፤ ደርቆ የዳቦ ቅርፊት ሆኗልና። የጥንት ጎማ የሌለው የጥንት ቸርኬ ደግሞ ዋጋው ግማሽ ነው። መኪና የማይሸከም ጎማ ከሚሸከመው የሚወደድበት አገር ነው እንግዲህ። ስለዚህ ማንም አይቀድም፤ ኤርሜቴ ይምታው ይባላል።

ታዲያ ማንም ያላወቀው ነገር፣ የኤርሜቴ ጆሮ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ሰው ሲያወራው ከንፈር እያነበበ ይመልሳል። ቸርኬውን የምትሰማለት ሚስቱ ኖርማ ነበረች። ገበያ ሲወጡ በስተቀኙ ትቆማለች፣ ከወረቀት ከረጢት የተቆላ የዱባ ፍሬ እየፈለፈለች። ቅርፊቱን መሬት ላይ ስትተፋ ሴቶቹ «ይቺ ሰውዬው ሥራ ላይ እያለ እንኳ አፏ አያርፍም» እያሉ ያሟታል። አያውቁም። ድምፁ ጥሩ ከሆነ ኖርማ ማኘኳን ትቀጥላለች። ማኘክ ካቆመች ቸርኬው አስመስሎ የተሠራ ነው። እሱ በዐይኑ ጠርዝ ያያታል፣ ይፈርዳል። አንድ ቀን ስተው አያውቁም።

ወይን በሚለቀምበት ሰሞን ኖርማ ሞተች።

«ከእንግዲህ አልዳኝም» ማለት ነበረበት። ልጁ የገዛችለት የጆሮ መሣሪያም ከካልሲዎቹ ሥር ተቀብሯል። ነገር ግን በኖርማ ለቅሶ ሰሞን በየማለዳው ትኩስ ሾርባ ይዛ በሩን የምታንኳኳው አርጂያ ነበረች፤ እንዴት እምቢ ይበላት? ደግሞም ለምን ብትለው ምን ሊመልስ ነው?

ጉም ገበያውን ሞልቶታል። ነጋዴው ኑሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ከፊት ቆመ። ኤርሜቴ ቁጥሮቹን አየ፤ ጠማማ ናቸው፣ በእጅ የተመቱ። ልቡ «እውነት ናቸው» አለው። ቢሆንም ሰው ሁሉ የሚጠብቀው መዶሻውን ነው። መታ። ምንም የለም። እንደ ልማዱ ወደ ቀኙ ዘወር አለ።

እዚያ አንዲት አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ሴት ቆማለች። ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ፤ የዱባ ፍሬ እየፈለፈለች ነው።

ኤርሜቴ ዐይኑን ከሷ ሳይነቅል መዶሻውን አነሣ። ሁለተኛውን መታ፤ ሴትዮዋ ታኝካለች። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፤ ታኝካለች። አምስተኛውን፣ ስኮርታውን፣ ሲመታ መንጋጋዋ ቆመ። አየችው። አላኘከችም።

«አስመስሎ የተሠራ ነው» አለ ኤርሜቴ።

«ስኮርታው ብቻ?» አለች አርጂያ።

ሌአርኮ አምስቱንም አንድ ላይ ተቀበልኩ ሲል ነው የኖረው። አንዱ ከዋሸ ሁሉም ዋሽተዋል።

«አምስቱም።»

ሕዝቡ ሳቀ። «ሌአርኮ፣ ነፍስህን ይማር፣ እዚያም ቤት እንዳታወራ!» አለ አንዱ። አርጂያ ኑሎ የተናገረውን ዋጋ ያለ ክርክር ተቀብላ፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ሄደች። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰችው ሴት ግን ወደ ኤርሜቴ ቀርባ መሐረብ ሰጠችው። ያን ጊዜ ነው ጉንጩ እርጥብ መሆኑን ያወቀው። ሴትዮዋ ማኘክ ያቆመችው ሽማግሌ ሰው በአደባባይ ሲያለቅስ አይታ ነው።

ኤርሜቴ ወደ ኑሎ መኪና ሮጠ፤ በሱ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። ኑሎ «የውሸት ቸርኬ፣ የውሸት ጎማ» ብሎ የስኮርታውን ጎማ በቢላዋ ቀዶ ጨርሷል። ፊቱ ግን የሬሳ መስሏል። ከመነዳሪው በነበረበት ቦታ፣ ዝገት ባልነካው ብረት ላይ፣ አንዲት ትንሽ ዋኖስ ተመትታለች። ሌአርኮ የሠራበት ጋራዥ ሽቦ ወጣሪ ማኅተም።

«ማኤስትሮ» አለ ኑሎ፣ «ይህን ጎማ በገዛ እጄ አረድኩት!»

«መልስላት።»

«ምኑን ነው የምመልሰው? የፈረዱት እርስዎ፣ የሸጠችው እሷ፣ የከፈልኩት እኔ። አራቱ አሉኝ፣ እነሱ ያካክሱልኛል። ደግሞ ዛሬ ምን ነካዎት? ጆሮዎ የት ሄዶ ነው?»

አርጂያን ያገኛት ቤቷ፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ አምስት ባዶ ችንካሮች፤ ከሥራቸው የሌአርኮ ፎቶግራፍ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«ለእኅቴ ደወልኩላት» አለችው። «ባልሽ ልክ ነበር፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ባሏ ስልኩን ነጥቋት 'አልነገርኩሽም?' አለኝ። ሲስቅ ሰማሁት።»

«አርጂያ፣ እውነት ናቸው። ማኅተሙን በዐይኔ አየሁት። ሌአርኮ አልዋሸም።»

«ጠዋት ሰምተህ ውሸት ነው አልክ።»

«አልሰማሁም። አልሰማም እኮ፣ አርጂያ። ስትሰማልኝ የኖረችው ኖርማ ናት።»

አርጂያ አፉን አፉን አየችው፣ የማታውቀውን ቋንቋ እንደሚናገር ሰው። ቀጥላ ፊቷን ወደ ችንካሮቹ አዞረች፤ ጀርባዋን ሰጥታው አንድ ነገር ተናገረች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አየ። ረጅም ነገር ነበር። እስክትዞር ጠበቀ፤ አልዞረችም። «ምን አልሽ?» ማለት ይችል ነበር። ያቺን ቃል ላለማለት ግን ስንት ዘመን ተጠንቅቆ ኖሯል፤ አሁንም ከአፉ አልወጣ አለችው። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ከላይ ያለችው ጎረቤት መስኮቷን ከፍታ ሁሉንም ሰምታለች። በማግሥቱ አርጂያ ያለችውን መንደሩ በሙሉ አወቀ፤ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር። ለኤርሜቴ የሚነግረው ግን አልተገኘም። ለማይሰማ ሰው ጮክ ብሎ መናገር ግድ መሰላቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ጮክ ተብሎ አይነገርም።