እራታቸውን ሳይበሉ የወጡት ሰው

የአንድ የነጻነት ታጋይን ሙሉ የሕይወት ታሪክ የሰማሁት ትራፊክ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ጠዋት በቫን ከየቤታቸው ለቅሜ ታከር የሚባል ከተማ ወዳለው የቀን መዋያ ማድረስ፣ ማታ መመለስ ነው። ኮሪያዊቷን እማማ የምወስደው ፒችትሪ ኮርነርስ ከሚባል ሰፈር ነው። ዘጠና ዓመት የተጠጉ፣ እንግሊዝኛቸው ከእኔ የባሰ፣ ወሬያቸው ግን የማያልቅ ሴት ናቸው። የፊት ወንበር ካልሆነ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ።

ወሬያቸው ሁሉ ስለ አባታቸው ነው። ጃፓን ኮሪያን በያዘችበት ዘመን ከትግሉ መሪዎች አንዱ ነበሩ። ታሪካቸው የሚራመደው በትራፊኩ ልክ ነው፦ መኪና ተገልብጦ መንገድ የተዘጋ ቀን ድንበር ተሻግረው ሰው አደራጁ፣ በድብቅ ጋዜጣ አሳተሙ። ዝናብ ሲጥል በሰነበተበት ሳምንት ታስረው ተፈቱ። አስፋልቱ ሲጠገን ጫካ ገቡ። አለቃዬ «ለምን ዘገየሽ?» ሲለኝ፣ «ሰውዬው ገና ከእስር አልወጡም» ልለው ያምረኛል።

አንዱን ነገር ግን እማማ ሳይስቁ ነው የሚያወሩት። እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ፣ እናታቸው እራት ባቀረቡበት ሰዓት አንድ ሰው በር አንኳኳ። አባት «መጣሁ» ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። እናትየው ከዚያ ወዲህ በየማታው አንድ ሳህን ሩዝ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከታች እሳት በሚሞቀው ወለል ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ይሸጉጡ ነበር። ባላቸው ሲመጡ ትኩስ እንዲበሉ ነው። መቃብራቸው የለም፤ የሞቱበት ቀንም አይታወቅም። ስለዚህ ሙት ዓመታቸው የሚታሰበው ከቤት በወጡበት ቀን ነው።

«እናቴ ስትሞት እኔ ማቅረብ ጀመርኩ» ይሉኛል እማማ። «ግን ይበላ ይሆን?»

 ማሞቂያውን ወደ እሳቸው አዙሬ እነዳለሁ።

አምና ለዚያ ቀን ጠሩኝ። ልጄ ስልክ ደውላ፣ «ማሚ፣ ፕሊስ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፤ ፍሩት ምናምን ፒክ አፕ አድርጊ» ስላለችኝ ሱቅ ስዞር ዘገየሁ። ስደርስ የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ፤ ሳሎን ውስጥ ማንም የለም። ጠረጴዛው ግን ሞልቷል፦ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ሾርባ፣ ፍራፍሬ። አንድ ሳህን ሩዝ ላይ ማንኪያ ቀጥ ብሎ ተሰክቷል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። በእኛ ዝክር ለዘገየ ሰው ድርሻው ይቀመጥለታል። «ወይ ፍቅር! አስቀምጠውልኛል» አልኩና ቁጭ ብዬ ማንኪያውን ነቀልኩ።

ሩዙን አጋምሼው ሳለ ከውስጥ ክፍል ሳል ተሰማ። ጉንፋን የያዘው ሰው አለ ብዬ መጉረሴን ቀጠልኩ። በሩ ተከፈተና የእማማ ልጅ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ፣ በሙሉ ልብሱ እንደ ቆመ ደርቆ ቀረ።

«ይሄ እኮ የአያቴ ነው!» አለ።

ለካ ቤተሰቦቹ ሰግደው፣ ሟች ብቻቸውን ሆነው በነጻነት እንዲበሉ ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው ኖሯል። የውጭው በር የተከፈተው ለሟች ነው። ሳሉም «ልንገባ ነው» ማለት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማማ እኔን አላዩኝም። ያዩት ሳህኑን ነው። በዝግታ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጨርሺው» አሉኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እኮ...»

«ጨርሺው!»

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ሆዴ ባብቶም አያውቅም። እንባዬ እየወረደ አንድ ፍሬ ሳላስቀር በላሁ። እማማ ከማንኪያው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሳጠናቅቅ ሳህኑን ተቀብለው ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ትኩስ ነበር?»

«ምላሴን አቃጠለኝ እኮ» አልኳቸው።

ሳህኑን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው የእናታቸው ፎቶ ዞሩና ይህንኑ በኮሪያኛ ነገሯቸው።