ቶንግሊ ላይ የተቀዘፈ ጀልባ

ሙሉነህ ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። አምስተርዳም ከገባ ወዲህ ቱሪስት በሚያንሸራሽሩ ጀልባዎች ላይ ገመድ እያሰረ፣ መስኮት እየወለወለ ይኖር ነበር። ነጂ ለመሆን ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወደቀ። የጣለው እጁ ሳይሆን የደች ቋንቋው ነው። ከዚያ ወዲህ የፈተና ነገር ሲነሳ ጨዋታ መቀየር ለመደ።

እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ግንቦት ላይ፣ ከሚስቱ ከሩሐማ ጋር ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራው ሊን አገሯ ቻይና ልትዳር ሆነና ሁለቱንም ጠራቻቸው። ሰርጉ ሱጁ ከተማ ነበር። በዋዜማው ሊን፣ «ደርሰን እንምጣ» ብላ በአውቶቡስ ቶንግሊ ወሰደቻቸው። ቶንግሊ በውሃ መካከል የተሠራች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ ሙሽሮች ለመልካም ዕድል ሦስት የታወቁ ድልድዮቿን ይሻገራሉ።

«ይሄማ የኛው ግራኽት ነው!» አለች ሩሐማ፣ ቦዩን ስታይ የአምስተርዳሙ ቦይ ትዝ ብሏት።

«እኛ ግራኽት ዳር ጎመን የሚያጥብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት ሙሉነህ። እውነቱን ነው፤ ሴቶቹ በድንጋይ ደረጃው ወርደው ጎመንና ድስት ያጥባሉ።

ጀልባ ተሳፈሩ። የሚቀዝፉት አሮጊት ከኋላ ቆመው በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ውሃውን ያማስሉታል። ሙሉነህ ዓይኑን ከእጃቸው መንቀል አቃተው።

«እስኪ ልሞክር በይልኝ» አላት ሊንን።

አሮጊቷ ስቀው ቦታ ለቀቁለት። ጀልባዋ ዞረች፣ ዞረችና ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመች። ደረጃው ላይ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። አሮጊቷ እጃቸውን በእጁ ላይ ጭነው አንጓውን አዞሩለት።

«አትግፋው፣ አዙረው ነው የሚሉህ» ስትል ሊን በደች ተረጎመችለት።

ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ሙሉነህ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሩሐማ ይህን ሳቁን ከሰማች ቆይታለች።

«ነጂ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ አሮጊቷ።

«ገና ይሆናል በያቸው» አለቻት ሩሐማ ሊንን፣ ቀድማው።

«እኔም የጀመርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ ባሌ ሲታመም ነው» አሉ አሮጊቷ። «መጀመሪያ ሰሞን ግንቡን ያልገጨሁበት ቀን አልነበረም።»

ሲመለሱ ሙሉነህ አውቶቡሱ ውስጥ ወደ ሩሐማ ዞሮ፣ «መስከረም ላይ ለፈተናው ልመዘገብ ነው መሰለኝ» አለ።

«ጥያቄውን እኔ አነብልሃለሁ» አለችው ሩሐማ።

ከአምስተርዳም ጎን ዲመን በምትባለው ከተማ ባለው ቤታቸው፣ ከሥራ መልስ እሷ ስታነብ እሱ ሲመልስ ከረሙ። በሦስተኛው አለፈ። ለብቻው ጀልባ ይዞ የወጣ ቀን ዝናብ ስለነበር የተሳፈሩት ጥቂት ጀርመኖች ብቻ ነበሩ። ማታ ሩሐማ «እንዴት ነበር?» ብትለው፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክላት ጀመር።